ያልተቋጠረ ቶብ

«እማ፣ አትቋጥሪው አልኩሽ እኮ! ቶብ አይቋጠርም!»

ገሊላ የእናቷን እጅ ከጨርቁ ላይ አላቀቀች። ይመኙሻል ግን ከአራት ሜትር በላይ ጨርቅ ያለ ቋጠሮ ሰው ላይ ይቆማል ብሎ የሚያምን ልብ አልነበራትም። ኻርቱም ከገባች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዐረብኛውንም ሙቀቱንም ለምዳዋለች። የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበት ቶብ ብቻ እምቢ አላት።

«መንገድ ላይ ቢወልቅብኝስ?»

«በክንድሽ ትይዢዋለሽ። በወገብሽ አዙሪው፣ በራስሽ ላይ ጣል አድርጊው፣ ከዛ ጫፉን በግራ ትከሻሽ ወርወር አድርጊው። ያላ፣ ረፈደብን!»

ቶቡ ለጌጥ አልነበረም። የይመኙሻል ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀቷ ማለት ነው፣ ካለፈበት አምስት ወር ሆኖታል። ሰሞኑን ደግሞ ፖሊስ ሐፍላ እያስቆመ፣ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከአውቶቡሱ ያወርዳል። ቶብ አሳምራ የለበሰችን ሴት ግን ማን ዞር ብሎ ያያታል? ዘዴውን ያመጣችው ገሊላ ናት። የክፍል ጓደኛዋ እናት ሲለብሱ አይታ፣ መስታወት ፊት ቆማ ተለማምዳዋለች።

እንደ ወጉ ቢሆን ይመኙሻል ዛሬ ከቤት ባልወጣች። ትናንት መርዶ ተነግሯታል፤ ያሳደጋት ወንድሟ ባዬ ጎንደር አርፏል። የግቢው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲያለቅሱ ዋሉ። ገሊላ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናትና፣ ጥለቱ ለምን ፊታቸው ላይ እንደወጣ ጎረቤታቸውን እትዬ ወለላን ጠየቀቻቸው።

«ሐዘን ነው ልጄ። ሰው የሞተበት እንዲህ ነው የሚለብስ» አሏት።

አል-ማንሺያ ሰፈር ያለችው አሠሪዋ ግን በስልክ «አላህ ይርሐሞ፣ ነፍሱን ይማር» ካለች በኋላ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ «ነገ እንግዳ አለብኝ፣ እንዳትቀሪ» አለች። ሐዘን መቀመጥ የሚባል ነገር ቀረ። እንጀራ ነው፣ ምን ይደረግ!

በር ላይ ይመኙሻል ልጇን ያዝ አደረገቻት። «ስሚ፣ ድንገት ቢይዙኝ አታውቂኝም። ዛሬ የስምንተኛ ክፍል ፈተናሽ ነው። የተማሪ መታወቂያ አለሽ፣ ማንም አይነካሽም። ገባሽ?»

«ኢንሻላህ አይይዙሽም።»

«ገባሽ ወይ ነው የምልሽ!»

«ገባኝ።»

አል-ሳሃፋ ላይ ተሳፈሩ። ኻርቱም ውስጥ ለመውረድ ሐፍላ የሚያስቆም ሰው ጣቱን ያጮኻል። ይመኙሻል እስከ ዛሬ አልቻለችበትም፤ ሁሌ የምታጮኽላት ገሊላ ናት። ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ገሊላ ደብተሯን ገልጣ ማጥናት ጀመረች።

አርካዊትን ሲያልፉ ቀና አለች። እናቷ ቶቡን ከራሷ ላይ አውርዳ፣ የተጠለፈውን ዳር ወደ ፊቷ አዙራ፣ ልክ እንደ ነጠላ አዘቅዝቃው ነበር። እንባዋ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል።

«እማ! ምን እያደረግሽ ነው?» ገሊላ ልታስተካክለው እጇን ሰደደች። «ታስይዢናለሽ!»

«ተዪኝ። ወንድሜ ነው ገሊላ። በወጉ እንኳ አላለቀስኩለትም።»

ገሊላ እጇን መለሰች። ጨርቁን ጎትታ ማስተካከል ትችል ነበር፤ አንጀቷ አልቻለም።

ሐፍላው ቆመ። ወጣት ፖሊስ ገባና ዓይኑ ከቶብ ቶብ እየዘለለ መጣ፤ አንዱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ያ ሐበሺያ፣ ኢቃማ?»

ይመኙሻል ወረቀት አላወጣችም። ፖሊሱ ወደ ገሊላ አየ። «ልጅሽ ናት?»

«አላውቃትም» አለች ይመኙሻል በዐረብኛ፣ ፊቷን ሳታዞር።

ገሊላ አፏን ከፈተች። «እናቴ ናት» የሚሉት ሁለት ቃላት ግን አልወጡም። ፈራች፣ በጣም ፈራች።

ፖሊሱ ይመኙሻልን ክንዷን ይዞ አስነሳት። የቶቡ ጫፍ በገሊላ ቦርሳ ሥር ተይዞ ነበር፤ ቋጠሮ የለው፣ መርፌ የለው፣ እናቷ በተራመደች ቁጥር እየተፈታ ወንበሩ ላይ ቀረ። ይመኙሻል በቤት ቀሚሷ፣ ራሷን ሳትሸፍን፣ በእጇ ደረቷን ከልላ ወረደች። ምነው ቋጥራው በነበረ! አትቋጥሪው ያልኳት እኔ ነኝ፣ አለች ገሊላ በልቧ።

ሐፍላው ተንቀሳቀሰ። ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ ትከሻዋን ነካ አድርገው፣ «ማዓሌሽ ያ ቢቲ፣ አይዞሽ ልጄ» አሏት። ለፈተናው ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

ገሊላ ቶቡን ሰበሰበችው። ዳሩ ርጥብ ነው። ከዩኒፎርሟ በላይ በወገቧ አዞረችው፣ በራሷ ላይ ጣል አደረገችው፣ የተጠለፈውን ዳር ወደ ፊቷ አወጣችው። ከዚያ ትከሻዋ ላይ ሁለቴ አጥብቃ ቋጠረችው።

ተነሥታ ጣቷን አጮኸች።

«ትምህርት ቤቱ ገና ነው» አላት ሒሳብ ተቀባዩ።

«አውቃለሁ። እዚህ ነው የምወርደው።»