ለእማማ ሺላ የሚሆን ስጎ

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ኢክራም የምትባል ልጅ ነበረች። ከአባቷ ከአንዋር ጋር ትኖር ነበር።

ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩት ጎረቤታቸው እማማ ሺላ ናቸው። እማማ ሺላ ድሮ ከህንድ አገር መጥተው፣ ስንቱን ልጅ ሒሳብ አስተምረው፣ እዚያው ድሬዳዋ ቀሩ።

አሁን ግን እማማ ሺላ ታመዋል። አልጋ ላይ ናቸው፤ ምንም አይበሉም።

ሾርባ ሲሰጧቸው፣ «አልፈልግም።»
ሙዝ ሲሰጧቸው፣ «አልፈልግም።»
ዳቦ ሲሰጧቸውም፣ «አልፈልግም።»

ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ መጥታ አየቻቸው። ከዚያ ለአንዋር በሹክሹክታ፣ «እስከ ማታ ካልበሉ ሆስፒታል መተኛት አለባቸው» አለችው።

ኢክራም ሰማች። ልቧ ድው፣ ድው አለ።

አልጋው አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ «እማማ ሺላ፣ ምን ቢሆን ይበላሉ?» አለቻቸው።

እማማ ሺላ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ኮፍታ» አሉ በቀጭን ድምፅ። «እናቴ ትሠራው የነበረው ኮፍታ፣ ከነስጎው።»

ኮፍታ ከድንችና ከካሮት የሚሠራ ድብልብል ነው። በዘይት ይጠበስና ወፍራም ስጎ ውስጥ ይገባል።

ኢክራም ወደ ቤት ሮጠች። «አባ፣ ኮፍታ እንሥራ። አሁኑኑ።»

ድንቹን ቀቀሉ፤ ካሮቱን ፈቀፈቁ፤ ከሽምብራ ዱቄት ጋር አሹት። ኢክራም በመዳፏ አድበለበለችው። ድብል፣ ድብል፣ ድብል።

አባቷ በዘይት ጠበሰው። ችስስስ! ኮፍታው ወርቅ መስሎ ወጣ።

አሁን የቀረው ስጎው ነው።

አንዋር እሳቱን ከፍ አደረገውና ሽንኩርቱን ጨመረ። ሽንኩርቱ ቡናማ ሆነ። ወዲያው ደግሞ ጥቁር ሆነ።

ጭሱ በመስኮት ወጥቶ እማማ ሺላ ቤት ገባ። «እህ፣ እህ፣ እህ» ሲሉ ተሰማ።

የኢክራም ልብ ድው፣ ድው አለ።

ድስቱን አጥበው እንደገና ጀመሩ። ሽንኩርቱ ደህና ሆነ። ቲማቲሙም ደህና ሆነ።

ወተቱን ሲጨምሩ ግን ስጎው ቡልቅ፣ ቡልቅ አለ። ወተቱ ተበጣጥሶ እንደ አይብ ተንሳፈፈ።

ኢክራም ቀና ብላ በመስኮት አየች። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ ቅርጫቱም ውስጥ የቀረው ሽንኩርትና ቲማቲም ትንሽ ነው።

ወደ እማማ ሺላ ሮጠች። «ስጎው እምቢ አለን» አለች። እንባዋ መጣ።

እማማ ሺላ ከትራሱ ቀና አሉ። «እሳቱ እንዴት ነው?»

«ትልቅ ነው። እንዳይመሽብን ቸኩለን ነው።»

«ስጎ ሲቸኩሉበት ያኮርፋል» አሉ እማማ ሺላ። «እሳቱን ዝቅ። ማንኪያውን ዞር፣ ዞር። የተፈጨ ለውዝ ጨምሩበት። ወተቱ የሚገባው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ እሱም ጠብ፣ ጠብ እያለ።»

ኢክራም ተመልሳ ለአባቷ ነገረችው። ድስቱን አጥበው እንደገና ጀመሩ።

ሽንኩርቱ ገባ። እሳቱን ዝቅ። ማንኪያውን ዞር፣ ዞር።

ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ገባ። እሳቱን ዝቅ። ማንኪያውን ዞር፣ ዞር።

ቲማቲሙ ቀለጠ። እርዱና ኮረሪማው ቤቱን አወዱት። ለውዙም ስጎውን አወፈረው።

ውጭ ጨለመ። መኪና መጥቶ ቆመ።

ኳ! ኳ! የእማማ ሺላ በር ተንኳኳ። ነርሷ ተመልሳ መጥታለች።

የአንዋር እጅ ወደ እሳቱ ሄደ። «ትንሽ ብንጨምረውስ?»

ኢክራምም መቸኮል አምሯት ነበር። «አይሆንም አባ» አለች ግን። እሳቱን ዝቅ። ማንኪያውን ዞር፣ ዞር።

ስጎው ሲበስል አንዋር እሳቱን አጠፋ። ኢክራም ወተቱን አነሳች።

ጠብ።
ጠብ።
ጠብ።

ስጎው አልተበጣጠሰም።

ኮፍታውን ሳህን ላይ አድርገው ስጎውን አፈሰሱበትና ወደ ጎረቤት ሄዱ። ነርሷ የእማማ ሺላን ልብስ ቦርሳ ውስጥ እየከተተች ነበር።

«እባክሽ፣ ትንሽ ጠብቂን» አላት አንዋር።

እማማ ሺላ ሳህኑን አሸተቱ። ከኮፍታው በማንኪያ ቆረሱና አፋቸው ውስጥ አደረጉ።

እማማ ሺላ አኘኩ፤ አኘኩ፤ ዋጡ።

«የእናቴን አይመስልም» አሉ። ኢክራም አንገቷን ደፋች።

«ይሄ የኢክራም ነው» አሉ እማማ ሺላ። «ደግሞም ይጣፍጣል።» እንደገና በማንኪያ ቆርሰው ጎረሱ።

ነርሷ ቦርሳውን ከፈተች። ልብሱን አንድ በአንድ እያወጣች ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰችው።

ሳህኑ ላይ አንድ ኮፍታ ሲቀር እማማ ሺላ ቆም አሉ። «አንቺስ በልተሻል?»

ኢክራም አልበላችም። ጭራሽ ረስታዋለች።

እማማ ሺላ ኮፍታውን ስጎው ውስጥ ነክረው አጎረሷት። አገጯ ላይ የፈሰሰውን ስጎ በአውራ ጣታቸው ጠረጉላት።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው አልጋው ላይ ቦታ ለቀቁላት። ኢክራም አጠገባቸው ጋደም አለች፤ ብዙም ሳትቆይ እንቅልፍ ወሰዳት።