ነጥብ የሌለበት ቃል

«አትወጣም አልኩህ! ሰው ቤትህ ውስጥ ሞቶ ተጋድሞ፣ አንተ ማይክ ልትጨብጥ?»

«ካልወጣሁስ? ‹ሊናገር ሲል ምላሱን ዋጠ› እንዲሉኝ ነው?»

«ይበሉ! ወሬ ነፋስ ነው፤ ያልፋል።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ያልፋል ስትለኝ፣ ይኸው ደጄ ላይ ቆሟል!»

እጩውና የሚስቱ ወንድም አፍንጫ ለአፍንጫ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ከኋላቸው፣ በጓሮው ደረጃ ግርጌ፣ አንድ ሽማግሌ በአልጋ ልብስ ተሸፍነው ተኝተዋል። የእጩው ሚስት ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበርክካ የልብሱን ጫፍ ደጋግማ ታስተካክላለች።

«የመጨረሻውን አልሰማሁትም» አለች ከበሩ በኩል አንዲት ሴት። «ይድገሙልኝ።»

ሁለቱም ወደ በሩ ዞሩ።

መርማሪዋ የመጣችው ሁለት ፖሊሶች በሰው መሃል መንገድ ከፍተውላት ነበር። የኮቷ አንድ ቁልፍ በግፊያው ተበጥሷል። ግራ ጆሮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ አይሰማም። ስለዚህ ቀኙን ወደ ተናጋሪው አዘንብላ ታዳምጣለች፤ ያላጠገባትንም ታስደግማለች። ባልደረቦቿ «ድገሙልኝ» ብለው ስም አውጥተውላታል። እሷም አልተቀየመችም። ሰው አንድን ነገር ሁለቴ ሲናገር፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ጊዜ እውነቱን እንደሚያወጣ ታውቃለች።

ቤቱ የእጩው የምርጫ ጽሕፈት ቤትም መኖሪያም ነበር። ከንጋት ጀምሮ ወደ ውስጥ የገባም ወደ ውጭ የወጣም የለም፤ የብረት በሩን ጋዜጠኞችና በአንድ አውቶቡስ ያለቁ መንገደኞች ቤተሰቦች ሞልተውታል። እጩው ቀደም ሲል የሕዝብ አውቶቡስ ድርጅት ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነበር። በእሱ ዘመን አንድ አውቶቡስ ፍሬኑ እምቢ ብሎ መንገደኞቹን እንደያዘ ከድልድይ ወደቀ። ኋላ ሲጣራ፣ ድርጅቱ አዲስ ብሎ የገዛቸው የፍሬን ዕቃዎች ቀለም የተቀቡ አሮጌዎች ሆነው ተገኙ። ማን እንደሸጠ፣ ማን እንደገዛ፣ ማን እንዳየ ሳይለይ ነገሩ ተዳፈነ። ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አደጋ»።

ተቀናቃኞቹ የድሮ ፎቶውን ከአውቶቡሱ ጋር አሳትመው ከበተኑ ወዲህ እጩው ማምለጫ አልነበረውም። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ደጁ ላይ ቆሞ ሊናገር ቃል ገብቷል። ንግግሩን የጻፉለት አሁን በአልጋ ልብስ የተሸፈኑት ሽማግሌ ናቸው።

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ በሬዲዮ ዜና ያነበቡ ሰው ነበሩ። ልጅ «ገና» ሲል እንኳ «የትኛው? ላላ ያለው ነው ጠበቅ ያለው?» ብለው ያርማሉ። ከዚህ የተነሣ አገር ምድሩ «ጋሽ ላላ-ጠበቅ» ይላቸዋል። ጠሪውን የሚቆጡት ስማቸውን አበላሽቶ ከጠራው ብቻ ነው።

መርማሪዋ ደረጃውን ወጣች። ከላይኛው መቆሚያ ላይ የንባብ መነጽራቸው አንዱ መስታወት ተሰንጥቆ ወድቋል፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠልበት ገመድ ተበጥሷል። ጎንበስ ብላ አየችውና ወደ ጠባቧ የመለማመጃ ክፍል ገባች። የንባብ አትሮኖሱ ባዶ ነው።

«ወረቀቱስ?» ብላ ወደ ታች ጮኸች።

«እዚያው አይደለም?» አለች ሚስትየው። «ከዚያች አንድ ወረቀት ሌላ የለም። በእጃቸው ነው የሚጽፉት፤ ኮምፒውተር አይወዱም።»

መርማሪዋ ሰዎቹን በየተራ ማነጋገር የጀመረችው ፖስተር በታጨቀበት ዕቃ ቤት ነው፤ ሌላ በሩ የሚዘጋ ክፍል አልነበረም። ከአራቱም ግድግዳ የእጩው ፊት ፈገግ ብሎ ያያል። የሚናገረው ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ መሬት መሬት ያያል።

መጀመሪያ ሚስትየው ገባች። መድኃኒት ቤት ያላት ፋርማሲስት ናት፤ የሽማግሌውን ትርታ ዳብሳ መሞታቸውን የተናገረችው እሷ ነበረች።

«ትናንት አመሻሽ ላይ ለእኔና ለባለቤቴ ሳሎን ቁጭ ብለው አነበቡልን» አለች። «ሾፌሩ ከመስኮቱ ሥር መኪና ያጥብ ነበር። ወንድሜ ማተሚያ ቤት ሄዶ አልነበረም።»

«ያስቸገረቻችሁ ዓረፍተ ነገር አለች?»

«አንዷ። ‹ድርጅቱ ሲበላ አይቻለሁ፤ አይቼም ዝም ብያለሁ› የምትለው። ‹ጋሼ፣ ይቺ አልመረረችም?› አልኳቸው። ‹መድኃኒት ቤት እየዋልሽ መራራ ትፈሪያለሽ?› ብለው ሳቁብኝ።» ከንፈሯን ነከሰች። «የመጨረሻ ሳቃቸው መሆኑ ነው።»

እጩው ሲገባ በገዛ ፎቶዎቹ መሃል ትንሽ መሰለ። ግማሽ ፊቱ ብቻ ተላጭቷል።

«መስታወት ፊት ሆኜ እየተላጨሁ እለማመድ ነበር። ዱብ ሲል ሰማሁ። የሰው አልመሰለኝም።»

«ዓረፍተ ነገሯን እርስዎም አልወደዷትም ይባላል።»

«ማን ይወዳታል? ‹ሰው በላ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበርኩ ብዬ ማን ይመርጠኛል?› አልኳቸው። ‹ወይ እንዳለች ትወስዳታለህ፣ ወይ ሌላ ጸሐፊ ትፈልጋለህ› አሉኝ። አደርኩበት። ጠዋት ‹እሺ› አልኳቸው።»

«ይቺን እሺታ ሌላ ሰው ሰምቷታል?»

«ሁሉም ሰምቷል። ቁርስ ላይ ነው ያልኩት።»

ሾፌሩ ቆብ በእጁ ይዞ ገባ። ቁጭ በል ብትለውም ቆሞ ቀረ። እህቱ ከድልድዩ በወደቀው አውቶቡስ ውስጥ ነበረች። እጩው እሱን የቀጠረው ይህን እያወቀ ነው፤ እሱም ሥራውን የተቀበለው እያወቀ ነው።

«እንዴት አስቻለህ?» አለችው።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ‹አደጋ› ሲሉኝ ኖርኩ። እህቴ አደጋ አልበላትም። አንድ ቀን ከዚህ ሰውዬ አፍ እሰማለሁ ብዬ ነው መሪ የያዝኩለት።» ቆቡን አዞረ። «ትናንት ጋሽ ላላ-ጠበቅ አንብበው ሲጨርሱ በመስኮት አዩኝ። ‹ሰማህ?› አሉኝ። ‹ሰማሁ ጋሼ። ድርጅቱ በላት ማለት ነው› አልኳቸው። ‹ነው። ነገ ደግሞ ሰው ሁሉ ይሰማል› አሉ።»

«ቃሏ ብትቀርስ ኖሮ?»

«ምን አደርጋለሁ? ቁልፋቸውን አስቀምጬ እሄዳለሁ እንጂ።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ግቢው ውስጥ፣ ከፖሊሶቹ ጋር በሩን ይዤ። ሊጨፈልቁን ነበር።»

የሚስትየው ወንድም የምርጫ ዘመቻው ኃላፊ ነበር። በድርጅቱ ዘመን ደግሞ የግዥ ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ላብ በላብ ሆኖ ገባ፤ ኮቱን ግን አላወለቀም።

«ትናንት በስልክ አነበቡልኝ። ዛሬ እዚሁ ዕቃ ቤት ፖስተር ስቆጥር ነው ያረፈድኩት። ፎቅ አልወጣሁም፤ ወረቀቷንም በዓይኔ አላየሁም።»

«ታዲያ አማችዎን ዛሬ አትወጣም የሚሉት ለምንድን ነው?»

«በዚያች በአንዷ ነገር ነዋ! ‹ድርጅቱ ሲበላ አይቻለሁ፤ አይቼም ዝም ብያለሁ።› እንዲህ ብሎ ጋዜጠኛ ዝም ይለዋል? ‹ማን በላው? ስም ጥራ!› አይለውም? ራሱን በራሱ ለምስክርነት መዳረግ ነው።»

መርማሪዋ ቀኝ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ይቅርታ፣ ዓረፍተ ነገሯን ይድገሙልኝ።»

እየተበሳጨ ደገመላት።

«አሁን ገና በደንብ ሰማሁ» አለች።

ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መጋረጃው ተዘግቷል። የሕዝቡ ድምፅ ግን በመጋረጃው ሥር ይገባል፤ እኩለ ቀን እየደረሰ ነው። እጩው በሩን ያያል፤ አማቹ፣ የሚስቱ ወንድም፣ መስኮቱን ያያል። መውጫ ያለው ማንም የለም።

«ጋሽ ላላ-ጠበቅ ተደናቅፈው አልወደቁም» አለች መርማሪዋ። «የንባብ መነጽር አድርጎ ደረጃ የሚወርድ ሰው የለም፤ እግሩን አያይም። ሊወርዱ ቢሆን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያንጠለጥሉት ነበር። መነጽሩ ግን ከላይ ቀርቷል፤ ገመዱም ተበጥሷል። እያነበቡ ሳለ አንድ ሰው ወረቀቱን ሊነጥቅ ደረታቸውን ይዟል። ወረቀቱም የለም። ሰው ያልገባበት ያልወጣበት ቤት ነውና፣ የነጠቀው ከመካከላችሁ ነው።»

«ማን ሊጠቀምበት?» አለ አማቹ። «አማቼ ነው ቃሏን የሚጠላት!»

«እሳቸው ቁርስ ላይ እሺ ብለዋል። ባይሉም ከአፋቸው ማውጣትና አለማውጣት በእጃቸው ነው፤ ለዚህ ሰው አይገድሉም። ሾፌሩ ቃሏን ይፈልጋታል፤ ደግሞም በር ላይ ነበር። አሁን አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ያቺን ዓረፍተ ነገር በየተራ በሏት።»

ሚስትየው አለች። እጩው አለ። ሾፌሩ ከበሩ ሥር ቆሞ ቀስ ብሎ አለ። አማቹ አፉን ከፍቶ፣ መልሶ ገጠመ።

«እርስዎ ዕቃ ቤት ውስጥ ሁለቴ ብለውልኛል፤ ይበቃል» አለችው። «ስትጻፍ አንድ ናት፤ ስትነገር ግን ሁለት ናት። ላልታ ስትነበብ፣ ድርጅቱ በላ፤ ሰው በላ፤ የዚህን ልጅ እህት በላ ማለት ነው። ጠብቃ ስትነበብ፣ ድርጅቱ ተበላ፤ ሌላ ሰው ዘረፈው ማለት ነው። ትናንት ከሽማግሌው አፍ የሰሙት ሦስቱም አላልተው ነው ያሏት። እርስዎ ብቻ አጠበቋት።»

«ስልኩ ይቆራረጥ ነበር!»

«ስልክ ድምፅ ይቆርጣል እንጂ የላላውን አያጠብቅም። ደግሞ ማን እያነበበ ነው? ዕድሜያቸውን በዚህ ነገር ሰው ሲቆጡ የኖሩ ሰው! እርስዎ ቃሏን በዓይን እንጂ በጆሮ አላገኟትም። አንብበዋታል፤ ልብዎ ውስጥ ባለው ፍርሃት ልክ አጥብቀው አነበቧት። ‹ማን በላው?› የሚለው ጥያቄ የሚታየው ለበላው ሰው ብቻ ነው። የፈሩት ይደርሳል።»

«ወረቀቷ በሌለችበት ዝም ብሎ ቃል መሰንጠቅ!»

«የሬዲዮ ሰዎች ጠብቆ የሚነበበው ፊደል ላይ ነጥብ ያደርጋሉ» አለች ረጋ ብላ። «ነጥብ የሌለው ይላላል። ወረቀቷ ብትኖር በቀላሉ እናየው ነበር።»

የአማቹ እጅ ሳያስበው ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሄደ። መንገድ ላይ ቆመ። ያየችው እህቱ ነበረች። ተነሥታ ሄደችና፣ ልጅ ሆነው የደበቀባትን ነገር እንደምትወስድ ሁሉ፣ እጇን ኮቱ ውስጥ ከተተች። እሱም አልተከላከለም። ተመልሳ ተቀመጠችና የተጨማደደውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው።

«ሌሎቹ ላይ ነጥብ አለ» አለች። «እዚህ ላይ የለም።»

«አምጪ እስቲ…» አለ ወንድሟ።

«የለም ወንድሜ። ስምህም የለም፤ አንድም ቦታ የለም። ታዲያ ለምን ገደልካቸው?»

«ልነጥቃቸው ብቻ ነበር» አለ ወንድሟ። «አልለቅ አሉ። ‹አንብበኸዋል እንጂ አልገባህም፤ ቁጭ በልና ላንብብልህ› አሉኝ። ያሾፉብኝ መሰለኝ። ገፋኋቸው።»

 እጩው ከሚስቱ ጉልበት ላይ ያለውን ወረቀት አቀርቅሮ አየው።

«ሁለቱም እኮ እውነት ነው» አለ በመጨረሻ።

መርማሪዋ ቀኝ ጆሮዋን አዘነበለች። «ይድገሙልኝ?»

«ድርጅቱ በልቷል። ተበልቷልም። ሁለቱም እውነት ነው።»

«ሁለቱም እውነት ነው» አለችው። «ጋሽ ላላ-ጠበቅ የጻፉት ግን አንዱን ነው።»

ወረቀቷን ለማስረጃ አጥፋ ያዘች። እጩው አልጠየቃትም፤ በቃሉ ያውቃታል። መታጠቢያ ቤት ገብቶ የቀረችውን ግማሽ ፊቱን ተላጨ።

አማቹን በጓሮ በር በኩል አውጥተው መኪና ውስጥ አስቀመጡት። ሕዝቡ ግን ከፊት ለፊቱ ጥቅጥቅ ብሎ ስለነበር መኪናው መንቀሳቀስ አልቻለም። ስለዚህ እሱም የእጩውን ንግግር ከመስታወት ጀርባ ሆኖ እንዲሰማ ተፈረደበት።

እጩው ከብረት በሩ ሥር ወንበር ላይ ቆመ። የሟቾች ፎቶዎች ከጭንቅላቶች በላይ ተነሡ። ሾፌሩ ከእጩው መኪና አጠገብ ቆሞ ቆቡን አውልቋል። ሚስትየው ከኋላ፣ በሩን ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ዛሬ ጠዋት» አለ እጩው፣ «አንድ ታላቅ ሰው አጥተናል። የገደላቸው ሰው በቁጥጥር ሥር ውሏል። የድርጅቱ የግዥ ኃላፊ የነበረ ሰው ነው።»

ጉርምርምታ ተነሣ። እስኪበርድ ጠበቀ።

«እኔም የምሸሽገው የለኝም። ድርጅቱ ሲበላ…»

«በ» ላይ ሲደርስ ከንፈሩን ገጠመና ቆየበት። «ላ»ንም አጥብቆ ረግጦ አለፋት።

«…አይቻለሁ፤ አይቼም ዝም ብያለሁ።»

«ማን በላው?» አለ አንድ ጋዜጠኛ። «ስም ይጥሩ!» አለ ሌላው። «ማን በላው? ማን በላው?» ሕዝቡ ተቀበለው። ካሜራዎች ተብለጨለጩ። እጩው በቀስታ ዞሮ ወደ ፖሊስ መኪናው ተመለከተ፤ ሰውም ሁሉ አብሮት ዞረ። የሚገፋ ተገፋ፣ የሚሮጥ ሮጠ፤ የሟቾች ፎቶዎች ወደዚያው ወደ መኪናው ተንጋግተው ሄዱ።

ሾፌሩ ቆቡን አደረገ። የመኪናውን መስታወት የወለወለበትን ጨርቅ አጣጥፎ ከሞተሩ ክዳን ላይ አስቀመጠ፤ ቁልፉንም ከጨርቁ ላይ አኖረ። ከዚያ ሕዝቡ ጥሎት በሄደው ባዶ በር ወጣና መንገዱን ይዞ ሄደ።