የሐጅ ሐቢብ የመጨረሻ ማዕድ

ሐጅ ሐቢብ የማታውን የዒሻ ሶላት ሊሰግዱ ቆመው መስገጃው ላይ እንደተደፉ ቀሩ። ጅዳ፣ ሳፋ ሰፈር ባለው ቤታቸው በዚያ ሰዓት አብራቸው የነበረችው የቤት ሠራተኛዋ ሰዓዳ ብቻ ነበረች። በጨጓራቸው ውስጥ ገና ያልተፈጨ ሩዝና ሥጋ፣ ከልክ ካለፈ የልብ መድኃኒት ጋር ተገኘ። እራት ያቀረበችው ሰዓዳ ናት፤ ለፖሊስ መኮንኑ ለሐሩን ነገሩ ያለቀ የደቀቀ ነበር።

የአስክሬን መርማሪዋ ዶክተር ነጂባ ግን ያለቀ ነገር ሲያቀርቡላት ያሳክካታል። መካ ተወልዳ ያደገች የወሎዬ ልጅ ናት፤ ቁጭ ማለት አታውቅም። ሰዓዳ ዛሬ ከሰዓት፣ የዐስር ሶላት እንዳለቀ ልትወሰድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቃት ሰይፍ ነው።

«መርዝ ሰጥተሻቸዋል?» አለቻት ነጂባ ሐጁ ቤት ሄዳ።

«ወላሂ አልሰጠሁም፣ ዶክቶራ!»

«እራታቸውን በልተዋል?»

«በልተዋል።»

«እስቲ ወላሂ በይ።»

ሰዓዳ ዓይኗን ወደ በሩ ጣለች። ነጂባ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ዞረችው።

«ሆዴ ከብዶኛል ብለው መለሱት» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «ከመካው ምሳ ተርፎ ተቋጥሮ የመጣውን ምግብ አሙቄ፣ በቅዱነስ የሚሉትን ቅጠል ከትፌ ነስንሼበት ነበር። ለዘበኛው ለአዲል ሰጠሁት። ማዳም ሳሊማ ምግብ ከቤት ካወጣሽ ኸላስ፣ ተስፊር፣ ወደ ሀገርሽ ብላኛለች።»

አዲል በሩ ላይ በሙሉ ጤንነቱ ቆሟል። «ሰሃኑን ጠርጌ ነው የበላሁት» አለ።

ነጂባ ወደ መካ ከነፈች። ሐጁ በዕለቱ ምሳ የበሉት እዚያ፣ በወንድማቸው ልጅ በሱፍያን ቤት ነው። ሚስታቸው ሳሊማም እዚያው አድራለች።

«የጨጓራው ቁስለት ሲያሠቃያቸው ከምሳ በፊት የቁስለቱን ኪኒን ደርበው ዋጡ» አለች ሳሊማ።

«ሁላችሁም ከአንድ ትሪ በላችሁ?»

«አጎቴ የሚያቃጥል ሻጣ አይስማማቸውም» አለ ሱፍያን ፈጠን ብሎ። «ለብቻቸው በሰሃን፣ በራሴ እጅ ነው ያቀረብኩላቸው።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«የመድኃኒት መጋዘን።»

«ያላ፣ ተነሡ። ጅዳ እንሄዳለን።»

ሐሩን ሰዓዳን ሊወስድ ሲነሣ ነጂባና ከመካ ያመጣቻቸው ሳሎን ገቡ።

«እራቱ በቅዱነስ ነበረበት» አለች ነጂባ። «በጨጓራቸው አንዲት ቅጠል አልተገኘችም። እራቱን የበላው አዲል ነው፤ ይኸው ቆሟል። እዚያ የተገኘው የመካው ምሳ ነው።»

«የቀን ምሳ እስከ ዒሻ ሳይፈጭ?» አለ ሐሩን።

«ሆድም እንደ ልብ የራሱ ምት አለው። በግድግዳው ውስጥ ምቱን የሚመሩ ሕዋሳት አሉ። ፕሮስታግላንዲን የሚባል፣ እንደ ሆርሞን መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር ሲበዛባቸው ምታቸው ይዳከማል። የሐጁ የቁስለት ኪኒን በዚሁ አምሳል የተሠራ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ደርበው ውጠዋል። ጨጓራቸው ምግቡንም መርዙንም ይዞ ቆመ። ለዚህ ነው የከበዳቸው፤ ለዚህ ነው ሞቱ ጅዳ ድረስ የዘገየው። ከትሪው ሻጣ ሳይደርስበት ተቋጥሮ የመጣው ትርፍ አዲልን አልጎዳውም። መርዙ የነበረው በአንድ ሰሃን ብቻ ነው፤ እሱንም ማን እንዳቀረበው ራሱ ነግሮኛል።»

ሱፍያን ፊቱ አመድ መሰለ። «ካፊልነታቸውን፣ የመኖሪያ ዋስትናዬን፣ አንሥተው ሊያባርሩኝ ነበር! ሃያ ዓመት ከኖርኩበት አገር!»

ሐሩን እጁን ይዞ አወጣው።

ሳሊማ እንባዋን እየጠረገች ወደ ሰዓዳ ዞረች። «ለአንድ ሰሃን ምግብ ብለሽ አንገትሽን ልታስቀይ ነበር? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፓስፖርቴን ስጡኝ፣ ማዳም።»

«አሁንማ ነጻ ነሽ። ወዴት ትሄጃለሽ?»

ሳሊማ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ፓስፖርቱን እስክታመጣ ሰዓዳ እጇን እንደዘረጋች ቆመች።