የአካኮ ዱጋሳ ከብቶች ስንት ናቸው?

«ኢቢሴ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ቲቸር ረሆቦት ሰዎችን እየጠየቁ እንዲሞሉት የሰጠቻቸውን መጠይቅ ክፍሉ ሁሉ እንዲያየው ከፍ አድርጋ ያዘችው። «ስንት ከብት አለዎት?» ከሚለው ጥያቄ ትይዩ ያለው ቦታ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነበር።

«አይቆጠርም ቲቸር» አለች ኢቢሴ ቆማ።

«ምኑ ነው የማይቆጠረው?»

«ከብት። ቦረና ከብቱን አይቆጥርም፤ ልጁንም አይቆጥርም። ሰው ሲጠይቀውም ይከፋዋል። ክፉ ነገር ይጠራል ይባላል።»

«የጓደኞችሽ ሁሉ ተቆጥሮ መጥቷል እኮ። እነሱ የጠየቁት ሌላ ቦረና ነው?» ክፍሉ ሳቀ። «ሶሲዮሎጂ ያለ መረጃ ተረት ነው። እስከ ሰኞ ሞልተሽ አምጪ። አለበለዚያ ከሠላሳው ዜሮ ነው የምሰጥሽ።»

ኢቢሴ ተቀመጠች። ጆሮዋ ሳይቀር ጋለ። የተናደደችው በሳቃቸው ብቻ አልነበረም፤ ትክክል ሆና ሳለች ጥፋተኛ መምሰሏ ነው ያንገበገባት።

ቲቸር ረሆቦት የምታስተምረው ሲቪክስ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ግን ሶሲዮሎጂ ስለሆነ በየትምህርቱ መሀል ጣል ታደርግላቸዋለች፦ ሰው ለምን ያፍራል፣ ጉድጓዱ ጋ ማን ቀድሞ ውኃ ይቀዳል፣ ለምን እሱ ይቀድማል። ኢቢሴ በዚህ ነገር ተለክፋ ናቹራልን ትታ ሶሻል ገባች። ዶክተር የምትሆን ልጅ አለችኝ ሲሉ የኖሩት አባቷ ኦቦ አብዱባ ሦስት ቀን አኩርፈው በመጨረሻ «እሺ» አሏት፤ «ግን ከክፍልሽ አንደኛ ካልወጣሽ በሚቀጥለው ሴሚስተር ወደ ናቹራል ትመለሻለሽ።» ዳይሬክተሩ ጓደኛቸው ስለሆነ ቃላቸው ቀልድ አይደለም። በዜሮ ደግሞ አንደኛ አይወጣም።

ከክፍል ሲወጡ ተውፊቅ ደረሰባት። ተውፊቅ የነጋዴ ልጅ ነው፤ ከብት የሚያውቀው ሉካንዳ ተሰቅሎ ነው እያለች ታሾፍበታለች።

«አታካብጂ በናትሽ» አላት። «እኔ ማንን ጠየቅኩ? ሱቅ ቁጭ ብዬ ነው የሞላሁት። አንዱን ሀብታም፣ አንዱን ድሃ አደረግኩት። ‹በጣም ጥሩ› ብላ ጻፈችበት።»

«ውሸት ነዋ።»

«ማን ሄዶ ያረጋግጣል? ቁጥር ጻፊና ተገላገዪ።»

«ውሸት ለመጻፍ ከሆነ ሶሻል ለምን ገባሁ?» አለችውና ጥላው ሄደች።

ያልነገረችው ነገር ነበር። ወረቀቱን ይዛ መጀመሪያ የሄደችው አካኮ፣ አያቴ እያለች የምትጠራቸው የአባቷ አጎት፣ አካኮ ዱጋሳ ዘንድ ነው። ሕፃን ሆና ጥጆቹን በጣቷ እየጠቆመች ስትቆጥር ጣቷን ያዝ አድርገው «ተይ ልጄ» ያሏት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። እያወቀች ጠየቀቻቸው፤ ወረቀቱ ጠይቂ ስላላት ብቻ። ሽማግሌው አልተቆጡም። በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ በረቱ ሄዱ፤ ሊሸኟትም አልተመለሱም። ሌሎቹን ሰዎች ያንን ጥያቄ እየዘለለች ጠየቀቻቸው። አካኮን ባሰበች ቁጥር ግን ታፍራለች።

ምሳ ላይ አባቷን ጠየቀቻቸው። ኦቦ አብዱባ የእንስሳት ሀብት ባለሙያ ናቸው።

«አባባ፣ እናንተ ቢሮ ከብቱን እንዴት ነው የምትቆጥሩት?»

አባቷ ጉርሻቸውን እስኪውጡ ቆዩ። «ይገመታል» አሉ። «አንቺም ገምቺ። በዚህ ሰበብ ዜሮ ይዘሽ እንዳትመጪ።»

«አካኮ ዱጋሳን ስንት ከብት አለዎት ብለው ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?»

«አብደሻል እንዴ?»

«እኔ ግን ጠየቅኳቸው» አለች ኢቢሴ።

አባቷ እጃቸውን ከሰሃኑ ላይ አነሡ። 

ቅዳሜ ከነተውፊቅ ሱቅ ስኳርና ሻይ ቅጠል ገዝታ በባጃጅ ከነገሌ ወጣች። ባጃጁ ከሚቆምበት በኋላ ያለውን በእግሯ ሄደች። አካኮ ዱጋሳ ከበረቱ አጠገብ ግራር ሥር ቁርበት ላይ ተቀምጠው ነበር። አይተዋታል፤ ቀና ግን አላሉም።

«ናጋ አካኮ?» አለች፤ ሰላም ነው ወይ ማለቷ ነው።

«ናጋ።»

«ልጆቹ ናጋ?»

«ናጋ።»

«ከብቶቹስ ናጋ?»

ሽማግሌው አሁን ቀና ብለው አዩዋት። ይህ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ሳይጠየቅ ከቀረም ነውር ነው። ባለፈው ወረቀቷን ለማውጣት ስትቸኩል ይህንን ሳትጠይቅ ነበር የቀረችው።

«ናጋ ናቸው» አሉና ቁርበቱ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። «ዳለቻዋ ወለደች። ሴት ጥጃ።»

ወሬው በዚያው ተጀመረ። በድርቁ ጊዜ የትኛዋ እንደሞተች፣ ጎሳው ተሰብስቦ የትኛዋን እንደሰጣቸው፣ የሰጣቸው ሰው ዛሬም ቢቸግረው ከእሳቸው በረት እንደሚወስድ ነገሯት። ኢቢሴ እየጻፈች ገጹ አለቀባት። ከብት ሰውን ከሰው ጋር የሚያስተሳስረው በዚህ መንገድ ከሆነ፣ ሶሲዮሎጂ ማለት ይኼው አይደል?

ፀሐይዋ ዘወር ስትል ከብቶቹ ከግጦሽ ተመልሰው በፊታቸው ማለፍ ጀመሩ። አካኮ ስለ እያንዳንዷ ይናገራሉ፦ «ቡሬዋ ተዋጊ ናት። ቀንደ ጎባጣዋ ለእናትሽ ጥሎሽ ከተሰጠችው ላም ወገን ናት።» ኢቢሴ እያዳመጠች ሳለ የቀኝ አውራ ጣቷ ትንሿን ጣቷን ነካ፤ ቀጥሎ የሚቀጥለዋን። እየቆጠረች እንደሆነ ያወቀችው ያኔ ነው።

ማንም አይጠይቃትም፣ አካኮም አያዩዋትም። ውሸትም አይደለም፤ ቁጥሩ እውነተኛ ነው። ሠላሳው ማርክ ሰልፍ ይዞ በፊቷ እያለፈ ነው።

እጇን ጨበጠችና ጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠችበት። ከዚያ በግራ እጇ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ያንን ጥያቄ በአንድ መስመር ሰረዘችው። ሰኞ እንደዚሁ ተሰርዞ ይገባል። ዜሮም ከሆነ ዜሮ። አባቷ ናቹራል ግቢ ቢሏትም ቁጭ ብላ ትከራከራቸዋለች እንጂ አንገቷን አትደፋም።

«ያቺ ኋላ የቀረችውስ አካኮ?» አለች፣ በጣቷ ሳይሆን በአገጯ እያመለከተች።