ውሃ እያለ በአፈር

ዐምራን የምትታሰርበት ሰንሰለት አዲስ ነበር። ከጅጅጋ ገበያ የተገዛ፣ ዘይቱ እንኳ ያልደረቀ። ፒክአፑ ላይ ከዱቄት ጆንያ አጠገብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ኢንስፔክተር መርሻ አየው። ምንም አልተሰማውም።

ሚስቱ ለተማርያም ካረፈች ወዲህ እንዲህ ነው። ይበላል፤ ጣዕሙን አያውቀውም። ሰው ሲያለቅስ ይሰማል፤ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስለዋል። ለፖሊስ ሥራ ይሄ ጥሩ ነው ያሉ ሰዎች አሉ። እንግዲህ እነሱ ያውቃሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቱሊ ጉሌድ ከተማ ዳር የሚኖረው ሻርማርኬ የወንድሙን ሚስት ዐምራንን ሊያስወስዳት ነው። የሚወስዳትም ያበዱ ሰዎች ቁርኣን እየተቀራባቸው በሰንሰለት ታስረው ወደሚቆዩበት ቤት ነው። ሴትየዋ አልሄድም አለች። ጎረቤት አጉረመረመ። ስለዚህ ሻርማርኬ ፖሊስ ይገኝልኝ አለ። መርሻ «ትሂድ» ካለ ዛሬውኑ ትሄዳለች። እዚያ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚነግርህ የለም። አንዳንዱ የሚወጣው በቃሬዛ ነው።

መርሻ ከኮንስታብል ሂባቅ ጋር ከጅጅጋ ሲደርስ ቀትር ነበር። ሻርማርኬ ከተማው መግቢያ ላይ ካለው ሻይ ቤት ጠበቃቸው። ጢሙን ሂና የተቀባ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። የሰላት ሰዓት ደርሶ ነበርና ጆግ ሙሉ ውሃ አስመጣ። እጁን፣ አፉን፣ ፊቱን፣ ክንዱን እስከ ክርኑ፣ እግሩን፣ ቀስ ብሎ ታጠበ። ከዚያ ምንጣፉን ዘርግቶ ሰገደ። መርሻ ሻዩን እየጠጣ አየው። ጅጅጋ የተወለደ ሰው ነው፤ ሰው ሲሰግድ ማየት አያስደንቀውም።

የፒክአፑን ሾፌር ሲያይ ግን ቆም አለ። ሱጉሌ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሁለት ወር ያሰረው ሰውዬ።

«ደህና ነህ ሱጉሌ?»

«አልሐምዱሊላህ። ካንተ እስር ቤት ከወጣሁ ወዲህ ደህና ነኝ።»

የዐምራን ባል ጉሃድ ያኔ ነው የጠፋው። ዕቃ ሊያመጣ በሱጉሌ መኪና ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ ይሄዳል ተባለ። ደወሌ አልደረሰም። ሻርማርኬ «በእጄ አሳፈርኩት» አለ። ሱጉሌ «አልተሳፈረም» አለ። ሬሳ አልተገኘም፤ ሱጉሌ ተለቀቀ። ሰዉም የድንበሩ መንገድ በላው ብሎ ተወው።

«ያኔም ነግሬህ ነበር» አለ ሱጉሌ መሪውን በጨርቅ እየወለወለ። «መገንጠያው ላይ ጠበቅኩት። አልመጣም።»

«ወንድሙ አሳፈርኩት ብሏል።»

«ወንድሙ ሰላት የሚያሰግድ ሰው ነው። እኔ ሾፌር ነኝ። ማንን ታምናለህ?»

መርሻ ሻርማርኬን ተከትሎ ወደ ግቢው ሄደ፤ ፒክአፑም ከኋላ።

ዐምራን በሩ በውጭ የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። ሂባቅ ከፈተችው። ሴትየዋ ንጹሕ ናት። ሻሿ በሥርዓት ታስሯል። ጅጅጋ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ ያደገች ስለሆነ አማርኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል።

«አበደች ይሉሻል» አላት መርሻ።

«ይላሉ።»

«ምን ትሰሚያለሽ?»

«ጉሃድ ያንኳኳል።»

«የት?»

«ብርካው ጋ። መግሪብ ላይ፣ ፀሐይ ስትገባ፣ ወንዱ ሁሉ መስጊድ ሲሄድ። ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ሦስቴ።»

«ሄደሽ አይተሻል?»

«ስወጣ ሻርማርኬ ከፊቴ ይቆማል። ግቢ፣ አንቺ እብድ፣ ይለኛል። ለጎረቤት ስነግር ደግሞ ይመታኛል። በመጨረሻ ሰንሰለት ገዛ።»

«ትፈሪያለሽ?»

ዐምራን አሰበች። የእውነት አሰበች።

«መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። አሁን ምንም አይሰማኝም። የምፈራው መሄዱን ነው። እኔ ከሄድኩ ሲያንኳኳ የሚሰማው ሰው የለም።»

ሂባቅ ፊቷን አዞረች። መርሻ ግን ሴትየዋን ትኩር ብሎ አያት። «ምንም አይሰማኝም» የሚለውን ቃል እንደዚያ አድርጎ የሚናገር ሌላ ሰው አያውቅም ነበር። ከራሱ በቀር።

ብርካው ከግቢው በስተኋላ ነው። የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት፣ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተለሰነ ትልቅ ጉድጓድ። ሁለቱ ወንድማማቾች በገዛ እጃቸው ነው የቆፈሩት። የዘንድሮው የሚያዝያ ዝናብ ሞልቶታል። በቆርቆሮው ቀዳዳ ሲያዩት ጥቁርና ጸጥ ያለ ነው። ግማሹ መንደር ከሱ ይቀዳል። የመንደሩ መስጊድም እንደዚያው።

ከብርካው ጎን፣ በአንድ ግድግዳ የሚጋሩት፣ አራት ማዕዘን የሲሚንቶ ንጣፍ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አሮጌው የደለል ጉድጓድ» አለች ሂባቅ። «ጎርፉ መጀመሪያ እዚህ ገብቶ ጭቃውን ያስቀምጣል፤ ጥሩው ውሃ ወደ ብርካው ያልፋል። ይሄን ደፍነው በዚያኛው በኩል አዲስ ሠርተዋል።»

«ምን ሆኖ?»

«እሱን እንጃ። እየጠረጉ ይጠቀሙበታል እንጂ ማን ይደፍነዋል?»

መርሻ ተንበረከከ። የንጣፉ መሃል ተፈልፍሏል። ደጋግሞ የተመታ ቦታ ነው። ከሣሩ ውስጥ ለጭብጥ የሚመች ድቡልቡል ድንጋይ አገኘ፤ አንድ ጎኑ ላይ የሲሚንቶ ብናኝ ነጭ ሆኖ ተጣብቋል።

«የሞተ ሰው ቢያንኳኳ ከውስጥ ነው የሚያንኳኳው» አለ መርሻ። «ይሄ ከላይ ነው የተመታው። ሴትየዋ አላበደችም፤ ጆሮዋ ደህና ነው።»

የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው ሰላት አዛን ሲሰማ ሻርማርኬ ከሽንት ቤት ወጣ። መርሻ ወደ መስጊድ ይሄዳል ብሎ ጠበቀ። አልሄደም። ብርካው አጠገብ ደረሰና ጎንበስ አለ። ሁለት መዳፉን ደረቅ አፈር ላይ መታ። ፊቱን አበሰ። እጆቹን አበሰ። ምንጣፉን ዘረጋ።

መርሻ ወደ ሂባቅ ዞረ።

«ሂባቅ፣ ውሃ እያለ በአፈር ይቻላል እንዴ?»

«ተየሙም? ውሃ ላጣ ሰው ነው። ወይ ውሃ ለሚጎዳው በሽተኛ።»

«ቀትር ላይ ሻይ ቤት ውስጥ ምን አደረገ?»

ሂባቅ አፏን በእጇ ያዘች። «በውሃ ነው የታጠበው! ወላሂ፣ እስከ እግሩ!»

«የሻይ ቤቱ ውሃ ከየት ነው?»

«ከጅጅጋ በቦቴ።»

ሻርማርኬ ሰግዶ እስኪጨርስ ጠበቁት። ሰው ሲሰግድ አይቋረጥም።

«አዴር ሻርማርኬ» አለ መርሻ፣ በአካባቢው አጠራር አጎቴ እንደማለት። «መስጊድ አይሄዱም?»

«ድሮ እኔ ነበርኩ የማሰግደው። አሁን ደከመኝ። ልጅቷን ትወስዳላችሁ? ይመሻል።»

«አንድ ነገር ብቻ። በአፈር ለምን?»

«ቆዳዬን ያመኛል። ውሃ አይስማማኝም።»

«ቀትር ላይ ተስማማዎት።»

መርሻ ለሂባቅ ምልክት ሰጣት። እሷም ባልዲውን በገመድ ወደ ብርካው ለቀቀች፤ ቀድታ ጆጉን ሞላች፤ ፊቱ አስቀመጠች።

«ይታጠቡበት። ከዚያ ዐምራንን ይውሰዱ። ቃሌ ነው።»

ቀላል ነገር ነው። አንድ ጆግ ውሃ። ሻርማርኬ ጆጉን እንደ እባብ አየው። እጁን ዘረጋ። መለሰ። እንደገና ዘረጋ። ሂባቅ በቸርነት ላግዝህ ብላ ልታፈስለት ስትል ወደ ኋላ ዘሎ ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

«አትንኪኝ! ነጃሳ ነው!»

«እንዴ! ሰፈሩ የሚጠጣው? መስጊዱ የሚሰግድበት?» አለ መርሻ። «ምን ገብቶበት ነው የረከሰው?»

የሻርማርኬ ዓይን መለሰለት። ሲሚንቶው ላይ ነበር።

«ሱጉሌ!» ብሎ ተጣራ መርሻ። «ዶማ አምጣ።»

ሱጉሌ ራሱ ነው የቆፈረው። ማንም እንዲያግዘው አልፈለገም። ሲሚንቶው ሲሰበር ከሥሩ የላላ አፈር ነበር፤ ከአፈሩ ሥር የመንገድ ሻንጣ፣ ከዚያ ሽርጥ፣ ከዚያ አጥንት። ሱጉሌ ዶማውን ጣለና ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። «እኔ እኮ ጠበቅኩህ» ይላል። «መገንጠያው ላይ ጠበቅኩህ።»

ሻርማርኬ ያለ ጉትጎታ ተናገረ። ደክሞት ነበር።

«ከሁለት ዓመት በፊት በነበረው ድርቅ ከብቶቼ አለቁ» አለ። «ብርካው ውስጥ የቀረች ውሃ ነበረች። ለኔ ከብት ትበቃ ነበር። እኔ ጅጅጋ ስሄድ ጉሃድ ለመንገደኛ ከፍቶ ሰጣት። ለማናውቀው ሰው! ስመለስ ከብቶቼ ተኝተዋል።»

«ለዚያ ነው የገደልከው?» መርሻ «እርስዎ» ማለቱን ትቷል።

«ያኔ አልገደልኩትም። ቻልኩት። ወደ ደወሌ ሊሄድ የነበረ ጠዋት፣ ዝናብ ሳይመጣ ይሄን እንጥረግ አልኩት። ሻንጣውን አስቀምጦ ገባልኝ። እየጠረግን ነገሩን አነሳሁበት። ሳቀ። ውሃ የአላህ ነው፣ አንተስ ሰላት የምታሰግደው ለማን ነው አለኝ። አካፋው እጄ ላይ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዝናብ መጣ። ብርካው ሞላ። ሰው ሁሉ ሲጠጣ አየሁ። ከኋላዬ ቆመው በዚያ ውሃ ታጥበው ይሰግዳሉ። ሰላታቸው በኔ ነው የተበላሸው። እንዴት ላሰግዳቸው?»

ሂባቅ አላመነችም። «ነፍስ ስታጠፋ ያልፈራህ ሰውዬ ለሰላት መታጠብ፣ ውዱ ማድረግ ፈራህ?»

«ሰላትን በቆሻሻ አልሰግድም» አለ ሻርማርኬ። ከልቡ ነው። እንዲያውም ትንሽ ተቆጥቶ ነበር።

«ማንኳኳቱስ ለምን?» አለ መርሻ።

«አፈሩ እየሰጠመ እንደሆነ ላውቅ። በድምፁ ይታወቃል።» ሽማግሌው ጎንበስ አለ። «ሁለቴ ነው የምመታው።»

«ዐምራን ሦስት ነው ያለችው።»

«አውቃለሁ። እኔም እሰማዋለሁ። ሦስተኛው የኔ አይደለም። ሴትየዋም ትሰማለች ማለት ነው ብዬ… ስለዚህ ከዚህ እንድትሄድ ፈለግኩ።»

መርሻ የገደል ማሚቶ ነው አለ። ባዶ ቦታ ያስተጋባል። ሂባቅ ግን ከንጣፉ ፈቀቅ ብላ ቆመች።

አጥንቱ ወደ ጅጅጋ ሄደ። ሐኪም የተሰበረውን የራስ ቅል አይቶ መለሰው። ሻርማርኬ እስር ቤት በቧንቧ ውሃ እየታጠበ በሰዓቱ ይሰግዳል አሉ።

ለቀብሩ መርሻም ሄደ። ለምን እንደሄደ አያውቅም። የመንደሩ ሼክ የተከፈተው የደለል ጉድጓድ ውስጥ ወርደው ግድግዳውን በእጃቸው ዳስሰው ወጡ። በብርካውና በደለሉ ጉድጓድ መካከል ያለው ግንብ ክንድ የሚያህል ውፍረት አለው፤ ስንጥቅ አልነበረበትም።

«አንድ ጠብታ አላለፈም» አሉ። «ውሃው ያኔም ንጹሕ ነበር፤ ዛሬም ንጹሕ ነው።»

ቢሆንም ሰዉ አመነታ። ጉሃድን ማጠቢያ ውሃ ከጅጅጋ ቦቴ ይምጣ ተባለ። ሱጉሌ ሊሄድ ተነሳ።

«ተቀመጥ» አለችው ዐምራን።

ባልዲውን አነሳች። ወደ ብርካው ለቀቀችው። ገመዱ ሲከብዳት መርሻ አጠገቧ ቆሞ ያዘላት። ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑን በእጁ አወቀ፤ እንዲሁ ማወቅ ብቻ።

«በዚህ ነው የሚታጠበው» አለች። «የቆፈረው ነው። ለማያውቀው ሰው የሰጠው ነው። ለራሱ ይከለከላል?»

ሼኩ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ሚስት ባሏን ብታጥብ ነውር የለበትም። ዐምራን አጠበችው፤ አጥንት በአጥንት፣ ሳትቸኩል። ዓይኗ ደረቅ ነበር። ተከፍኖ ተቀበረ።

መግሪብ ደረሰ። አዛን ተሰማ፤ ወንዱ ሁሉ ወደ መስጊድ ሄደ። ዐምራን በሯ ላይ ቁጭ ብላ ወደ ብርካው ጆሮዋን ሰጠች። መርሻ ከሩቅ ቆሞ እሱም አዳመጠ።

ምንም የለም። ነፋሱ ቆርቆሮውን እንኳ አላንቀሳቀሰውም።

«አላንኳኳም» አለች ዐምራን።

ከዚያ አለቀሰች። ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰውነቷ እየተናጠ፣ ድምፅ አውጥታ፣ ሻሿ ወድቆ አለቀሰች። ሂባቅ ሮጣ አቀፈቻት።

መርሻ ባለበት ቆሞ አያት። በእንባዋ ቀናባት።