የድመቷ ቀበቶ

ገንቦው ወለሉ ላይ ሲሰበር ድምፁ ሔርሜላ ከጠበቀችው ያነሰ ነበር። የፈሰሰው አሸዋ ግን ከጠበቀችው በላይ ብዙ ነው።

«አንቺ! ምን አደረግሽ?» አለች የክለብ ጓደኛዋ ሳፊያ።

ሔርሜላ ስልኳን ከኋላዋ ደበቀች። በአንድ እጇ ገንቦ፣ በሌላው ስልክ ይዛ ራሷን ስትቀርጽ ነበር። ለማስታወሻ። የደሴው ክለብ ውስጥ የመጨረሻዋ ቀን ነዋ፤ አባቷ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጥረው ቤተሰቡ ነገ ይወርዳል።

ሁለቱ ገንቦዎች የካራቴ ክለቡ ሀብት ነበሩ። ኦኪናዋ የምትባል የጃፓን ደሴት ሰዎች የጣታቸውን ጉልበት የሚያጠነክሩት እንዲህ ነው፤ የገንቦውን ከንፈር በአምስት ጣት ቆንጥጠው ይዘው ከዳር ዳር ይራመዳሉ። አሠልጣኙ ሴንሴይ ምንይሉ ይህን የተማሩት ድሮ ደሴ ከኖረ አንድ የኦኪናዋ ሰው ነው። ገንቦዎቹን ግን ከገበያ ተከራክረው ገዟቸው።

አሸዋው የልጆቹ ነው። ከክለቡ የሚለቅ ሁሉ ከመሄዱ በፊት አንድ እፍኝ የቦርከና ወንዝ አሸዋ ይጨምርበታል። ዱባይ የሄደው የጣሀ እፍኝ አለበት፤ ነርስ የሆነችው የሰርክአዲስም። ሔርሜላ በዘጠኝ ዓመቷ ስትመጣ ገንቦው ገና ግማሹ ባዶ ነበር። ያኔም ማንሳት አቅቷት አልቅሳለች።

ያን ሰሞን አባቷ «ልጄ ለማን ነው የምትሰግደው? እኛ ጌታን የምናመልክ ሰዎች ነን» ብለው ተቆጥተው መጥተው ነበር። ሴንሴይም «ጋሼ፣ ሰላምታ እኮ ነው፤ እርስዎም አሁን ሲገቡ ለእኔ ጎንበስ ብለዋል» አሏቸው። አባቷ እየሳቁ ሄዱ፤ ሲወጡም ጎንበስ አሉ።

አሁን የሔርሜላ እፍኝ በፌስታል ተቋጥሮ ኪሷ ውስጥ ነው። ሴንሴይ ኮምቦልቻ ለሚከፍቱት የልጆች ክፍል ረዳት አድርገዋታል፤ ገንቦዎቹንም ይዛ እንድትወርድ ነግረዋታል። አንድ ሕግ ብቻ አለ፤ አዳራሽ ውስጥ ስልክ ያወጣ ረዳት አይሆንም።

ሴንሴይ በሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙረው አስቀመጡ። ከዚያ አሸዋውን አዩ።

«ማን ነው?»

«ድመቷ ናት» አለች ሳፊያ ፈጥና።

ሳፊያ ዳቦ ተወደደ ለማለት እንኳ ሦስት ጊዜ «ወላሂ» የምትል ልጅ ናት። ሴንሴይ ትንሽ ጠበቁ። ወላሂ የለም።

«ድመቷ?»

«አዎ… ድመቷ።»

«ስድስት ኪሎ አነሳች በሉኛ! እንግዲያው ቀበቶ ይገባታል።» ተንበርክከው ስባሪውን መልቀም ጀመሩ።

«ጃፓኖች የተሰበረ ሸክላ በወርቅ ይጠግናሉ አይደል፣ ሴንሴይ?» አለች ሳፊያ ወሬ ለማስቀየር።

«ወርቁን አምጪና መጀመሪያ ጣራውን እንጠግናለን።»

ሳፊያ ሳቀች። ሔርሜላ አልሳቀችም። ሴንሴይ አሸዋውን በመዳፋቸው ወደ አንድ ቦታ እየሰበሰቡ ነበር፤ ቀስ ብለው፣ አንዷም ፍሬ እንዳትቀር።

«ድሮም የማን የማን እንደሆነ አይለይም» አሉ ለራሳቸው። «እኔ ግን የምለይ ይመስለኝ ነበር።»

ተነሥተው የቀረውን ገንቦ ለሔርሜላ ሰጧት። «ይቺን ይዘሽ ውረጂ። ጓደኛ እዚያ እንፈልግላታለን። ቅዳሜ ልጆቹ ይጠብቁሻል።»

ውጭ ሔርሜላን ወደ ቤት ሊወስድ የመጣው ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋ። ሳፊያ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። «አቦ፣ አለቀ። ሂጂ በቃ!» አለች በሹክሹክታ።

ሔርሜላ ገንቦዋን ግድግዳው ሥር አስቀመጠች። ፌስታሏን ፈትታ የራሷን እፍኝ ከተሰበሰበው አሸዋ ላይ ጨመረች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ሴንሴይ እግር አጠገብ አኖረችው።

«ሴንሴይ» አለች ጎንበስ እንዳለች፣ «ለድመቷ ቀበቶ አይስጧት።»