ከኩል የመጣው ቃል

መምህር ጣሀ የተገኘው በገዛ ክፍሉ፣ በፊተኛው ዴስክ ላይ ግንባሩን እንደደፋ ነው። ዴስኩ የልጁ የሳና ነበር። ሳና አምና ጉድጓድ ገብታ ከሞተች ወዲህ ማንም አይቀመጥበትም፤ ሲመሻሽ የልጅ ድምፅ ፊደል ሲቆጥር ይሰማል እየተባለ ተማሪው ሁሉ ይሸሸዋል።

ከእግሩ ሥር የአረቄ ጠርሙስና መወተፊያው፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ወድቀዋል።

ኢንስፔክተር ዋቅሹማ ሬሳውን ትቶ መጀመሪያ ሰሌዳውን አነበበ። አብረውት የተቀጠሩት ኮማንደር ሆነዋል፤ እሱ ለአለቃ ወንበር መሳብ ስለማያውቅበት እዚያው ቀርቷል።

«ይኼ ምንድነው?»

ርዕሰ መምህሩ ጎሹ ከረባቱን አስተካከለ። «አልኮል የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣው ከኩል ነው እያለ ሲያስተምር ነበር። ዓረቦች ለዓይን የሚኳሉትን የደቀቀ ዱቄት አል-ኩሕል ይሉታል። ፈረንጅ ቃሉን ወሰደና መጀመሪያ ለደቀቀ ነገር፣ ቀጥሎ ለነጠረ ነገር፣ በኋላ ለመጠጡ አደረገው። አስተማሪውም በመጠጡ ሄደ።»

«ትጣሉ ነበር?»

«ወንበሬን ይመኝ ነበር። ስለ ወንበር ሰው አይገደልም።»

«ስንቱ ተገድሏል» አለ ዋቅሹማ።

አረቄ ሻጩ ታረቀኝ እጁ ታስሮ በር ላይ ቆሟል። ከአጥሩ ውጭ የሟች ዘመዶች ዱላቸውን ተደግፈው ይጠብቁታል። በቆረቆንዳ የሚወትፈው እሱ ብቻ መሆኑን ከተማው ያውቃል።

«ጌታዬ፣ ከዚያው ጄሪካን ትናንት ስንቱ ጠጥቷል! ማን ሞተ? እንዲያው ደሃ ሲጠረጠር ምስክር አይፈለግም እንጂ።»

ዋቅሹማ ጠርሙሱን አሸተተ። ማንጎ ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት አፍንጫውን ወጋው። «መቼ ነው ከአንተ የገዛው?»

«ከሰዓት። ቤቱ ይደብቀዋል። እራቱን በልቶ እዚህ መጥቶ ይጠጣል።»

በአማርኛ ወንድና ሴት የማይለይለት ዘበኛው ጁምዓ ራሱን ነቀነቀ። «እውነት ነው። ማታ ብቻውን ገባ፣ ጠርሙስ ኮት ውስጥ። ሌላ ሰው እኔ አላስገባም። ጠዋት ሞቶ አየሁ፣ ወደ ሚስቱ ሮጥኩ።»

ዋቅሹማ ዓይኑን ከሰሌዳው አልነቀለም። ኩል የሚለው ቃል እዚያ ተሰቅሎ ያየዋል። «ሚስቱ ሀዲል ኩል ትኳላለች?»

«ኡ! ሀዲል ያለ ኩል ውሃ አይቀዳም። ልጁ ሲሞት እንኳ ሦስት ቀን ተወ፣ ከዚያ ተኳለ።»

«ዛሬ ስትነግራትስ?»

«እኔ ገና ምንም አልተናገርኩም... በር ከፈተ። ዓይኑ ባዶ። አምባርም የለም።»

«የሀዲል?»

«የሷ፣ አዎ። እኔ ደነገጥኩ። ሌላ ሰው መሰለኝ።»

ሀዲል ከቤቴ አልወጣም ስላለች ሁሉም ወደ እሷ ሄዱ። አጎቷ ሸኽ ዐብዱልቃድር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እሷ ፊቷን ወደ ጓሮው ጉድጓድ አዙራለች። ጉድጓዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ሆኖም ሰው ሲጠራት የምትሰማ ይመስል ጆሮዋን ወደዚያ ትጥላለች።

«መርዙ ጄሪካኑ ውስጥ አልነበረም፤ የጠጣው ሁሉ በሕይወት አለ» ብሎ ጀመረ ዋቅሹማ። «ትምህርት ቤት ከእሱ ሌላ ማንም አልገባም። ስለዚህ ታረቀኝ ጋ አልተመረዘም፤ ክፍሉም ውስጥ አልተመረዘም። መሀል ላይ ጠርሙሱ ያረፈው እዚህ ቤት ነው።»

ጎሹ ተነፈሰ። «ዘመድ ይመጣል፣ ጎረቤት ይመጣል፤ ማንም ሊጨምርበት ይችላል!»

«ይችላል። ሸኽ፣ እናት ልጅ ሲሞትባት ኩሏን ምን ያህል ትተዋለች?»

«ሦስት ቀን።»

«ባል ሲሞትባትስ?»

ሽማግሌው የእህታቸውን ልጅ አዩአት። «አራት ወር ከአሥር ቀን። ኩል የለም፣ ጌጥ የለም፣ ከቤትም አትወጣም። ዒዳ ይባላል።»

«አልቅሳ ታጥቦባት ቢሆንስ?» አለ ጎሹ።

«በእንባ የራሰ ኩል ጉንጭ ላይ ይወርዳል እንጂ ተጠርጎ አይጠፋም። አምባርስ እንባ ያወልቀዋል?» ዋቅሹማ ወደ ሀዲል ዞረ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ጁምዓ ገና ምንም አልነገረሽም። ያልሰማሽውን ሞት እንዴት ቀድመሽ አዘንሽለት?»

ሀዲል ዞራ የታረቀኝን የታሰረ እጅ አየች።

«እጁን ፍቱት» አለች። «እሱ ምንም አያውቅም።»

ዋቅሹማ ፈታው።

«ሳና የሞተች ቀን እኔ ገበያ ነበርኩ። ጣሀ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጧል፣ ጠጥቷል። ዓይኑ ክፍት ነበር፤ ልጄን ግን አላየም። አንድ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ትጠራኛለች። እሱን ስጠይቀው አይሰማም፤ ጠጥቶ ይተኛል።» መዳፏን ባዶ ዓይኗ ላይ ጫነች። «ትናንት ጠርሙሱን ይዞ ሲወጣ፣ ኩሌን ታጠብኩ።»

«ገድለሽው ደግሞ ታዝኝለታለሽ?» አለ ጎሹ።

«ገደልኩት እንጂ ባሌ አይደለም አላልኩም።»

ዋቅሹማ እጁን ዘረጋላት። አልተነሳችም።

«ኢንስፔክተር፣ ዒዳ ላይ ነኝ። ከቤት መውጣት ነውር ነው።»

«አውቃለሁ እህቴ» አለ፣ እጁን ሳያጥፍ።

ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አወረደች። ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ሁሉም አብረዋት ቆሙ። ከድንጋዩ ሥር ምንም አልተሰማም።

«ዛሬ ዝም አለች» አለችና ወጣች።